ከአውድማ እስከ ካሶኒ፤ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ ስለ መከላከያ ልባስ የተደረገ ጥናት

ስለ ደብረ ታቦር የእጅ ሥራ የሚጻፈው ታሪክ ሁሉ ጋፋት ላይ ጀምሮ ጋፋት ላይ ያልቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከስዊስ አገር፥ ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የቅድስት ክሪሾና ማሠልጠኛ የመጡትን ሚሲዮናውያን በዚያ አስፍረው መድፍ እንዳሠሩ፥ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ባልንጀሮቹም በ1859 ዓ. ም. ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ ሞርታር አቅልጠው እንዳወጡ በዚህ ኮሌጅ የታሪክ ትምህርት የጀመረ ሁሉ ያውቀዋል። እኛም ይህን ታሪክ ለማሳነስ አልተነሣንም። ነገር ግን በዚያው ዘመን፥ ከጋፋት ምድጃ እምብዛም በማይርቀው መንደር፥ ሴቶች እበት ለውሰው ጎተራ ይለቀልቁ ነበር። መድፉን ያቀለጡት፥ የጎተቱትና ያጀቡት ሰዎች የበሉት እህል ከዝናብና ከነቀዝ የተረፈው በዚያ ልቅለቃ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን መድፉን ጽፈው ልቅለቃውን ዘለሉት። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው የተዘለለውን ነው።

ወደዚህ ጥናት የመራን ግን ጎተራ ሳይሆን መኪና ነው። ለዕረፍት በሄድንበት ጊዜ በደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ አንድ ፒክ አፕ ቁሞ አየን። ካሶኒው፥ ማለት የጭነት ሳጥኑ፥ ከውስጥ በኩል ጥቁርና ሻካራ ነገር ለብሷል። በጥፍራችን ብንፍቀው አልተላጠም፤ በጉልበታችን ብንገፋው ጥቂት እንደ ጎማ ሰጠን። ከመካከላችን አንዱ «ይህስ የተለቀለቀ አውድማ ይመስላል» ብሎ አሳቀን። በኋላ ስናስበው ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ አልሆነም። አንዳንድ ጓደኞቻችንም የመኪና ቅብ የታሪክ ጥናት ሊሆን አይችልም ሲሉ ነቅፈውናል። መልሳችን ከዚህ በታች ያለው ነው። ዘመኑን የምንቈጥረው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲሆን፥ የውጭ አገሩን ብቻ እ. ኤ. አ. እያልን እንለየዋለን።

አስቀድመን ከአውድማው እንነሣ። በደቡብ ጎንደር ደጋ፥ ቀድሞ በጌምድር ይባል በነበረው አገር፥ መኸሩ ሲደርስ ገበሬው ነፋስ የሚያገኝበትን ሜዳ ይመርጣል። ሣሩን ይፍቃል፤ ድንጋዩን ይለቅማል፤ መሬቱን አርሶ ይደለድላል፤ ከዚያም ትኩስ እበት በውሃ ተበጥብጦ በላዩ ይለቀለቃል። ፀሐይ ሲመታው ደርቆ እንደ ምንጣፍ ይሆናል። ነዶው የሚበተነው፥ በሬዎቹም የሚያበራዩት በዚህ ላይ ነው። ልቅለቃው ሁለት ነገር ያደርጋል። የመጀመሪያው አፈሩ ከእህሉ እንዳይቀላቀል መከልከል ነው፤ በተለይ ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ከአፈር ጋር ከተደባለቀ ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ሁለተኛው የበሬው ኮቴ መሬቱን እየቈፈረ ፍሬውን እንዳይቀብረው ማድረግ ነው። በሸክሙና በወለሉ መካከል ገብቶ ሁለቱንም የሚጠብቅ ስስ ልብስ ማለት ነው። ኋላ ስለ መኪናው ካሶኒ ስንናገር አንባቢ ይህን ዐረፍተ ነገር እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

እበት ለምን ለዚህ ሥራ ተመረጠ ቢባል፥ ምክንያቱ በከብቱ ሆድ ውስጥ ነው። ላም የበላችውን ሣር ሁሉ አትፈጨውም፤ ያልተፈጨው ቀጫጭን ጭራ በእበቱ ውስጥ ይቀራል፤ ከሆድ ዕቃ የሚወጣውም ዝልግልግ ነገር ያያይዘዋል። ስለዚህ ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ የሚሰነጠቀውን ያህል እበት የገባበት ጭቃ አይሰነጠቅም። ጭራው ስንጥቁን እንደ ስፌት ይዞ ያስቀረዋልና። ለቤት ግድግዳ የሚሆነው ምርጊት ከጭድ ጋር ተረግጦ የሚሰነብተው በዚሁ ጥበብ ነው። በጣና ዙሪያና በአካባቢው ባሉት የቆዩ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱን ግድግዳ ብንመለከት፥ ከድንጋዩና ከጭቃው በላይ ምርጊት፥ ከምርጊቱ በላይ ጨርቅ፥ ከጨርቁ በላይ ሥዕል ተደራርቦ እናገኛለን። ሰው የሚያደንቀው ሥዕሉን ነው፤ ሥዕሉን ይዞ ያቆየው ግን ከሥሩ ያለው ድርብርብ ነው።

ከአውድማው እህሉ ወደ ጎተራ ይገባል። ጎተራው ከሸምበቆ ወይም ከጭራሮ ተጠልፎ ከውስጥም ከውጭም በጭቃና በእበት ይለቀለቃል። በቤት ውስጥ የሚቆመው ጎታ ደግሞ ራሱ ከጭቃ፥ ከጭድና ከእበት ተበጅቶ፥ ቀለበት በቀለበት ላይ እየተደረበ ይነሣል። የንብ ቀፎም እንዲሁ ነው፤ ተጠልፎ ሲያበቃ በእበት ተለቅልቆ ብርድና ዝናብ እንዳይገባው ይደረጋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው፤ በክረምት የተለቀለቀ አይደርቅም፥ ይሻግታል። ከእኛ አንዱ በልጅነቱ በነሐሴ እበት ይዞ ወደ ጎተራ ሲሄድ አያቱ በልምጭ እንደ መለሱት ይናገራል። በጊዜው ጭካኔ መስሎት ነበር፤ የዕቃውን ጠባይ የሚያውቁት እሳቸው እንደ ነበሩ የገባው አሁን ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን ምጣዱ ነው። አዲስ የሸክላ ምጣድ ከገበያ ሲመጣ እንጀራ አይጋገርበትም፤ ሊጡ ይጣበቅበታል፤ ሸክላው ቀዳዳው ብዙ ስለ ሆነ ውሃውን ይመጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ይሟሻል። ምጣዱ በእሳት ላይ ይጣድና ሲግል የተወቀጠ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፤ በጨርቅ ደጋግሞ ይታሻል፤ ጢሱ ይወጣል፤ ምጣዱም ቀስ በቀስ ጠቍሮ መስተዋት ይመስላል። ከዚያም በኋላ በየእንጀራው መካከል ማሰሻው ያልፍበታል። እናቶቻችን ይህን «ማሟሸት» ይሉታል። ባለ ኬሚስትሪው ደግሞ የሚለው አለው፤ የጎመን ዘር ቅባት በስሱ ተቀብቶ በብርቱ ሙቀት ሲመታ ጥቃቅን ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ይሠራሉ፤ ፈሳሹ ጠጣር ይሆናል፤ ዳግመኛም አይቀልጥም። ይህ ዓይነቱ ሰንሰለት ፖሊመር ይባላል። እንግዲህ ፖሊመር በዕቃው ላይ እዚያው በዚያው እየሠሩ ማልበስ፥ ቃሉ ሳይታወቅ፥ በበጌምድር ጓዳ ውስጥ የዕለት ሥራ ሁኖ ኑሯል ማለት ነው።

ምጣዱን የሠራችው ሴት ግን ክብር አላገኘችም። በጎንደር አገር የሸክላና የብረት ሥራ በብዛት የቤተ እስራኤል እጅ እንደ ነበረ ይታወቃል። ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባሉ ይፈሩና ይናቁ ነበር፤ ምጣዳቸውና ማረሻቸው ግን በየቤቱ ይገባ ነበር። በ1977 እና በ1983 ዓ. ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያም በኋላ አብዛኛዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ፥ አብሯቸው የሄደው እውቀት ስንት እንደ ሆነ ማንም አልመዘነም። አንድ ሙያ ሲናቅ የሚጐዳው ባለሙያው ብቻ አይደለም፤ ሥራው ሳይጻፍ ይቀራል፤ የማይጻፍም ነገር በአንድ ትውልድ ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ጋፋትን የምናውቀው ዋልድማየር ማስታወሻ ስለ ጻፈ ነው። ማሟሸትን የምናውቀው እናቶቻችን ገና ስለሚያሟሹ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሴባስቶፖል እንመለስ፤ ምክንያቱም እሱም በዚህ ነገር ውስጥ ምስክርነት አለው። መድፉ ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል ይባላል፤ ይህም ከዛሬው መካከለኛ የጭነት መኪና ሸክም ጋር የሚቀራረብ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ. ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ በሠረገላ አስጭነውት፥ ገደሉን እያስቈረጡና መንገዱን እያስጠረጉ፥ በጨጨሆ፥ በዋድላና በደላንታ አሳልፈው በበሽሎ በኩል እስከ መቅደላ አደረሱት። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በዚህ አገር ከባድ ጭነት በመንኰራኩር ስለ መሄዱ ይህን ያህል የተጻፈለት ከዚያ በፊት የለም። መድፉም እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ፥ ለፀሐይና ለዝናብ ተጥሎ፥ አለ። ማንም ቀለም አልቀባውም። ታዲያ ለምን አልበሰበሰም ቢሉ፥ ነሐስ ስለ ሆነ ነው። ነሐስ አየርና እርጥበት ሲነካው ላዩ ይጠቍራል፥ ይወይባል፥ አረንጓዴም ይሆናል፤ ያ ዝገት መሳይ ነገር ግን ሰውነቱ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ከሥሩ ያለውን ይጠብቃል። ራሱ ለራሱ ልባስ ያወጣል ማለት ነው። ብረት ይህን አይችልም። የብረት ዝገት ልልና ቀዳዳማ ነው፤ እየተቀረፈ ይወድቃል፤ ሁል ጊዜም አዲስ ብረት ለዝናቡ ይገልጣል።

ይህ ልዩነት ኋላ የደጋው ሰው ትልቅ ጣጣ ሆነ፤ ከነሐስ ዘመን ወደ ላሜራ ዘመን ስንገባ የሚበሰብስ ዕቃ በዛብን። መጀመሪያ የመጣው ቆርቆሮ ነው። የሣሩን ክዳን የተካው ቆርቆሮ ብረት ብቻ አይደለም፤ በላዩ ዚንክ ለብሷል። ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል እ. ኤ. አ. በ1837 የፈቃድ ወረቀት ያወጣበት ይህ ዘዴ እጅግ ብልኅ ነው፤ ዚንኩ ከብረቱ ይልቅ ለዝገት የሚቸኩል ስለ ሆነ፥ ቢጫርና ብረቱ ቢገለጥ እንኳ በብረቱ ፈንታ እሱ እየተበላ ያቆየዋል። ዚንኩ ተበልቶ ሲያልቅ ግን ጣራው ይቀላል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው። በደብረ ታቦር ከፍ ያለ ቦታ ቁሞ ወደ ታች የተመለከተ ሰው የየቤቱን ዕድሜ ከጣራው ቀለም ሊያነብ ይችላል።

ቀጥሎ መኪናው መጣ። በደርግ ዘመን በቻይና እርዳታ ከወረታ እስከ ወልድያ የተሠራው መንገድ በደብረ ታቦር፥ በጋይንትና በጨጨሆ አልፎ ወደ ዋድላ ሲወጣ፥ የሴባስቶፖልን ፈለግ በብዙ ቦታ ይቀራረበዋል። በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ጭነት ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የፎገራ ሩዝ፥ የፋርጣና የጋይንት ድንች፥ ጤፍና ገብስ፥ የባሕር ዛፍ አጠና፥ ከወንዝ የተዛቀ አሸዋ፥ ጥቁር ድንጋይ፥ ከብት፥ ጨው፥ ማዳበሪያ። ካሶኒው በነዚህ ሁሉ ይጎዳል፤ ጉዳቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ድንጋይና አጠና ቀለሙን ይጭራሉ። በተጫረው ላይ ጨው፥ ማዳበሪያና የከብት ሽንት ይፈስሳል፤ እነዚህ ሁሉ እርጥበት ሲያገኙ ብረት ይበላሉ። በመጨረሻ የጉና ክረምት ይመጣል፤ ውሃው በካሶኒው ማእዘን ተኝቶ ይከርማል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፥ በበጋ ደግሞ ፀሐይዋ ቀለምን ቶሎ ታነጣለች። ባለ መኪናው የሚያደርገው ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ዝገቱን ይፍቃል፥ ቀይ የዝገት መከላከያ ቀለም ያስቀባል፥ ከሥር ሬንጅ ያስለቀልቃል፥ ቀዳዳውን በላሜራ ያስበይዳል፥ በወለሉ ላይ ሳንቃ ይደረድራል፥ ጭድ ወይም አሮጌ ሸራ ያነጥፋል። አስቂኝ ሥራ አይደለም። ብዙ ጊዜ አንድ መኪና የአንድ ቤተ ሰብ ሀብት በሙሉ ነው፤ ምናልባትም በብድር የተገዛ ነው።

በመናኸሪያው ያየነው ጥቁር ልባስ ለዚህ ችግር ሌላው ዓለም የሰጠው መልስ ነው። ሥሩ ወደ ጀርመን ይደርሳል። ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ እ. ኤ. አ. በ1937 በሌቨርኩዘን ከተማ ፖሊዩሬቴን የተባለውን ነገር አገኙ፤ ለአረፋ ፍራሽ፥ ለጫማ ሶል፥ ለቀለም የሚያገለግለው እሱ ነው። ፖሊዩሪያ የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ደግሞ በአሜሪካ በቴክሳኮ የኬሚካል ክፍል እ. ኤ. አ. በ1980ዎቹ ለሚረጭ ልባስነት ተበጀ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሁለት ፈሳሾች በየበርሜላቸው ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ኢሶሳያኔት ይባላል፥ ሁለተኛው እንደ ልባሱ ዓይነት አሚን ወይም ፖሊኦል ነው። ሁለቱም በመሣሪያ ይሞቃሉ፥ በብርቱ ግፊት በየቱቦአቸው ይሄዳሉ፤ የሚገናኙት በመርጫው አፍ ላይ ብቻ ነው። ተገናኝተው ሲወጡ ፖሊዩሪያው በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይረጋል፤ በጣም ከመፍጠኑ የተነሣ በቆመ ግድግዳ ላይ ቢረጭ እንኳ ለመውረድ ጊዜ አያገኝም። ለፒክ አፕ ካሶኒ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ውፍረት ይበቃል። መገጣጠሚያ የለውም፤ ውሃ በሥሩ የሚገባበት ቀዳዳ አይተውም፤ ሻካራነቱም ጭነቱ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ከፕላስቲክ ተቀርጾ በካሶኒው ውስጥ የሚቀመጠው ሌላው ዓይነት መከላከያ ግን እንዲህ አይደለም። እሱ ከላሜራው ጋር ስለማይጣበቅ፥ በመካከላቸው አሸዋና ውሃ ገብቶ፥ ሊጠብቀው የመጣውን ካሶኒ ራሱ ሲፍቀው ይገኛል።

ጥቅሙም በካሶኒ አያበቃም። በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ፥ በድልድይ ወለል፥ በመርከብ ላይ፥ በጠፍጣፋ ጣራ፥ ነዳጅ በሚቀመጥበት ግድብ ይረጫል። ፍንዳታ ያሰጋቸዋል በሚባሉ ሕንፃዎች ግድግዳ ላይም ይለበጣል፤ ግድግዳው ቢሰበር ስብርባሪው እንዳይበተን እንደ ጆንያ ይይዘዋልና። የእበቱ ጭራ የምርጊቱን ስንጥቅ እንደሚይዘው ማለት ነው።

ነገር ግን ይህን ልባስ እንደ ተአምር አድርገን ልናቀርብ አንፈልግም። በቅድሚያ፥ ከሥሩ ያለው ካልተዘጋጀ ልባሱ ከንቱ ነው። ላሜራው ከቅባትና ከዝገት ጠርቶ፥ በአሸዋ ወረቀት ወይም በአሸዋ ርጭት ሻክሮ መጠበቅ አለበት። በዝገት ላይ የተረጨ ልባስ ዝገቱን አይገድለውም፤ ይሸፍነዋል። ባለ መኪናው ካሶኒዬ ተጠበቀ ብሎ ሲኖር ከሥር እየተበላ ይሄዳል፤ ቀድሞ በዓይኑ ያየው የነበረውን ጉዳት አሁን አያየውም። ሁለተኛም እርጥበት አለ። ኢሶሳያኔት ውሃ ሲያገኝ ጋዝ ያወጣል፤ ስለዚህ በተለይ ፖሊዩሬቴኑ በእርጥብ ላሜራ ላይ ወይም በጭጋግ ቀን ቢረጭ አረፋ ይሆናል፥ ይቋጥራል። በነሐሴ እበት አይለቀለቅም ያሉት አያት ይህን ሕግ ያለ መጽሐፍ ያውቁት ነበር። ሦስተኛም፥ ርካሹ ዓይነት ፀሐይ ሲመታው ይገረጣል፥ ላዩም እንደ ጠመኔ ይሆናል፤ ፀሐይን የሚችለው ዓይነት ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ለደጋችን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ግን የሠራተኛው ጉዳይ ነው። ልባሱ ከረጋ በኋላ ሰውን አይጎዳም፤ በሚረጭበት ጊዜ ግን የኢሶሳያኔቱ ጉም ወደ ሳንባ ከገባ አስም ያስይዛል፤ አንድ ጊዜ ሰውነቱ የተቈጣበት ሰው ከዚያ በኋላ በጥቂቱም እንኳ ሊታመምበት ይችላል። ስለዚህ የሚረጨው ሰው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚቀበልበት ጭንብል፥ ጓንትና ሙሉ ልብስ ያስፈልገዋል። በአፍና በአፍንጫ ላይ ጨርቅ ማሰር ምንም አይጠቅምም። በመንገድ ዳር በባዶ ፊታቸው መኪና ቀለም የሚረጩትን ልጆች ያየ ሰው ይህ መሣሪያ ያለ ጭንብሉ ወደ አገራችን ቢገባ ምን እንደሚሆን ለመገመት አይቸግረውም። እበት የምትለቀልቀዋ እናት እጇ ይሸታል፤ በውሃ ትታጠባለች፤ በዚያው አለቀ።

እንግዲህ ሁለቱን ብናስተያይ፥ የእበቱ ልባስ ዕድሜው አንድ በጋ ነው፥ የፖሊዩሪያው ብዙ ዓመት። የእበቱን ማንም ያድሰዋል፤ የፖሊዩሪያውን የሚያድሰው መሣሪያ፥ ኤሌክትሪክና ከውጭ የሚመጣ ኬሚካል ያለው ብቻ ነው። በኛ አስተያየት አዲሱ አሮጌውን አያሳፍረውም፤ አሮጌውም አዲሱን እንድንንቅ ምክንያት አይሆነንም። ለድንጋይና ለጨው እበት አይበቃም፤ ይህ ግልጽ ነው። ብንወቅስ የምንወቅሰው የራሳችንን የትምህርት ልማድ ነው። ተማሪው ስለ ፖሊመር ሲማር የሌቨርኩዘንን ስም ይሸመድዳል፤ ማታ የሚበላው እንጀራ የተጋገረበትን ጥቁር ምጣድ ግን ምሳሌ አድርጎ የሚያሳየው መምህር የለም። እኛም ብንሆን አራት ዓመት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ስንማር ይህ ነገር አንድ ቀን አልታሰበንም። በዚያ ትምህርት ቤት ማእድ ቤት ውስጥ ምጣድ የምታሟሽ ሴት ነበረች፤ ከላቦራቶሪው የሚለያት አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር።

ጥናታችንን የጨረስነው በጥር ወር ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ አውድማ ነው። ጤፉ ተበራይቶ፥ በላይዳ ተዘርቶ፥ በተለቀለቀው ወለል ላይ ተከምሯል። አንድ አሮጌ አይሱዙ መጥቶ ቆመ። ካሶኒው ልባስ የለውም፤ ቀለሙ አልቋል፤ በማእዘኑ በኩል አውራ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረበት። ረዳቱ ወርዶ ቀዳዳውን በጨርቅ ወተፈው። ገበሬው ግን አላመነውም። ወደ አውድማው ጠርዝ ሄዶ የቀረውን እበት በእፍኙ አመጣና በጨርቁ ላይ ለጠፈበት፤ ፀሐይ ላይ ጥቂት እስኪደርቅ ጠብቀውም ጆንያዎቹን መጫን ጀመሩ።